ቀለም ከመቀባቱ በፊት፦ ለቤትዎ የብረት ሥራ ጥሩ በያጅ የመቅጠር ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያው የግቢዬ በር ሲተከል ጥቁር ቀለሙ ፊት ያሳይ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ስከፍተው የቀኙ ክንፍ ወደ እኔ ዘመመ። የላይኛው ማጠፊያ ከምሰሶው ተላቅቆ በታችኛው ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ቀለሙን በመሮ ስፍቀው ከሥሩ ጉድለት የሚደፈንበት ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ስፍቀው ደግሞ ብየዳው ታየ፤ ከምሰሶው ጋር ያልተዋሐደ፣ እንደ ሻማ ጠብታ በላዩ ላይ የረጋ ብረት ነበር። ልጆቼ በየቀኑ የሚመላለሱት በዚያ በር ነው። ያን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ከዚያ ወዲህ ከየትኛውም በያጅ ጋር ስዋዋል በአንድ ነገር አልደራደርም፤ ብየዳው ተጠናቆ ቀለም ሳይነካው በዓይኔ አየዋለሁ። ግንበኛ የሠራውን ግድግዳ ቆይተውም በውኃ ልክና በቱንቢ ይፈትሹታል። አናጢ የሠራውን ጠረጴዛ ገልብጠው ያዩታል። ብየዳ ግን ራሱን የሚያሳየው በሁለት ነገሮች መካከል ባለች አጭር ጊዜ ነው፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላና ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት። ልኬቱም፣ ምርጫውም፣ ውሉም፣ የክፍያው አከፋፈልም ያቺን ሰዓት እንዳያመልጡዎት ተደርገው መዘጋጀት አለባቸው።

1. የሚያሠሩትን ነገር በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሥራው የሚጀምረው በያጅ ከመፈለግ በፊት ነው። አስቀድመው ለራስዎ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ይህ ነገር ድንገት ቢለቅ ምን ይደርሳል? የአበባ ማስቀመጫ ቢለቅ አንድ ማሰሮ ይሰበራል። የሰገነት መደገፊያ፣ የደረጃ ብረት፣ የውኃ ታንከር ማማ ወይም የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ቢለቅ ግን ሰው ይሞታል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ውኃው ብቻ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ማማ በያጁ በግምት እንዲሠራው አይፍቀዱ። የብረቱን ውፍረት፣ የእግሮቹን አቋምና መሠረቱን መሐንዲስ ያስላው፤ በያጁ ደግሞ በንድፉ መሠረት ይበይድ። ለመሐንዲሱ የሚከፈለው ገንዘብ ከአደጋው ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም።

ለደረጃና ለሰገነት መደገፊያ ሁለት ልኬቶችን ይያዙ። በቋሚዎቹ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የበርካታ አገሮች የሕንፃ ደንቦች ይህን ልክ የያዙት የሕፃን ገላ አልፎ እንዳይወድቅ ነው። ከፍታው እንደየአገሩ ደንብና እንደየቦታው ከ90 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.1 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የአካባቢዎን ደንብ ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከመሐንዲሱ ይጠይቁ። አግድም የተደረደሩ ዘንጎች ለዓይን ቢያምሩም ለልጅ መሰላል ናቸውና ልጅ ባለበት ቤት ቋሚውን ይምረጡ።

የመስኮት ፍርግርግን በተመለከተ አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ። ሌባን የሚያስቀር ብረት እሳት ሲነሳ ቤተሰብንም ያስቀራል። ሰው በሚተኛበት በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ከውስጥም ያለ ቁልፍ በእጅ ብቻ የሚለቀቅ ይሁን። ጭስ በሞላበት ጨለማ ቁልፍ የሚያገኝ የለም። በያጁ ይህን በራሱ አያነሳውም፤ በሥራው ላይ ድካም ስለሚጨምር ሳይጠየቅ አይሠራውም። ስለዚህ እርስዎ በንድፉ ላይ ያስገቡት።

ልኬት ሲወስዱ የበሩን ክፍተት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለየብቻ ይለኩ። ግድግዳ ቀጥ ያለ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ ከሦስቱ ትንሹን ቁጥር ይያዙ። በሩ የሚከፈትበትን አቅጣጫ፣ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ፣ ወለሉ ወደፊት ንጣፍ የሚጨመርበት እንደሆነም ይጻፉ። በእጅ የተሣለ ተራ ንድፍ ይበቃል። የቦታውን ፎቶግራፍም ያያይዙ። ይህ ወረቀት በኋላ ለሦስት በያጆች ስለሚታይ ሦስቱም ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ ይሰጡዎታል።

2. የብረቱን ዓይነትና ውፍረት ይወቁ

በቤት ሥራ ላይ ማታለል የሚቀለው በውፍረት ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር የተባለው ቱቦላሬ 1.2 ሆኖ ቢገኝ በዓይን አይለይም፤ በሚዛን ግን ይለያል። የብረት ክብደት የታወቀ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚህ ስሌት የአንድ ሜትር ካሬ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 7.85 ኪሎ ግራም፣ 1.5 ከሆነ ወደ 11.8፣ 2 ከሆነ 15.7 ኪሎ ግራም ይመጣል። 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነና 6 ሜትር የሚረዝም ቱቦላሬ በ1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ወደ 11 ኪሎ ግራም ሲጠጋ፣ በ1.2 ሚሊ ሜትር ከ9 ኪሎ ግራም በታች ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንሥቶ የያዘ ሰው ልዩነቱን በክንዱ ያውቀዋል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ካለዎት ደግሞ የተቆረጠውን ጫፍ ይለኩ፤ ቀለም ወይም ዝገት በውፍረቱ ላይ እንዳይደመር ጫፉን ቀድመው ይፈቁት።

ቀጭን ብረት የሚጎዳው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ሲበየድ ቶሎ ይበሳል፤ በያጁ እንዳይበሳበት የማሽኑን ኃይል ይቀንሳል፤ ኃይሉ ሲቀንስ ብየዳው ሳይዋሐድ ላዩ ላይ ይቀራል። የእኔ በር ምሰሶም እንዲህ ያለ ቀጭን ቱቦ ነበር።

ዚንክ የተለበጠ ብረት ዝገትን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ብየዳ በነካው ቦታ ልባጡ ይቃጠላል። በያጁ ከመበየዱ በፊት ልባጡን ፍቆ ማንሣት፣ ከበየደ በኋላም ቦታውን ዚንክ በበዛበት ቀለም መቀባት አለበት። ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን በማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝና የሚያተኩስ ሕመም ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ይህ ሥራ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራም። የማይዝግ ብረት ደግሞ የራሱ የሽቦ ብሩሽና የራሱ የግራይንደር ዲስክ ይፈልጋል፤ ተራ ብረት የተፈገፈገበት መሣሪያ ከነካው ቅንጣቶቹ ተለጥፈውበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል።

3. ሥራውን የሚመጥን የብየዳ ዓይነት

እርስዎ በያጅ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ ነገር ግን ሦስቱን ዓይነት ቢያውቁ ጥያቄዎ ሌላ ይሆናል። የመጀመሪያው በኤሌክትሮድ የሚሠራው የተለመደው ብየዳ ነው። ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ ለበር፣ ለአጥርና ለምሰሶ ይሆናል። ኤሌክትሮድ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ያበዛልና በያጁ ኤሌክትሮዱን የት እንደሚያስቀምጥ ይመልከቱ። ለቀላል የቤት ሥራ 6013 የሚባለው በብዛት ይሠራበታል፤ ከባድ ጭነት ለሚሸከም ብረት 7018 ይመረጣል፤ እርሱ ግን በጥንቃቄ ካልደረቀ ጥቅሙን ያጣል።

ሁለተኛው ሽቦ ከጥቅል እየተሳበ የሚቀልጥበት፣ ጋዝ የሚከላከልለት ሚግ ነው። ለቀጭን ላሜራና ለብዛት ሥራ ፈጣን ነው፤ ነፋስ ጋዙን ከገፈፈው ግን ይበላሻል። ስለዚህ ሚግ ብቻ ያለው ሰው በነፋሻ ግቢ ውስጥ በር ሊበይድ ሲመጣ መከለያ እንዳለው ይጠይቁት። ሦስተኛው ቲግ ዝግተኛና ጥንቃቄ የበዛበት ነው፤ ለማይዝግ ብረትና ለአሉሚኒየም ጥሩ ውጤት ይሰጣል። አሉሚኒየም ሊያሠሩ ከሆነ ሥራውን አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ይፈልጉ፤ በብረት ጎበዝ የሆነ ሁሉ በአሉሚኒየም ጎበዝ አይደለም።

4. ሰውየውን መፈለግ

ፎቶግራፍ አይመኑ። አዲስ ቀለም የተቀባ በር ሁሉ ፎቶው ያምራል። እኔ የምፈልገው አምስት ዓመት ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበትን በር ነው። በአካባቢዎ ሲዘዋወሩ ማጠፊያው ያልላላ፣ ሲዘጋ የማይጮህ፣ ከታች ያልዛገ በር ካዩ ባለቤቱን ያንኳኩና ማን እንደሠራው ይጠይቁ። ሰው በደንብ ስለተሠራለት ነገር መናገር ደስ ይለዋል። አንድ ጥያቄ ደግሞ አይርሱ፦ ችግር ሲፈጠር ተመልሶ መጣ ወይ?

ሁለት ወይም ሦስት ስም ከያዙ በኋላ ወደ ሥራ ቦታቸው ይሂዱ። ቀጠሮ ባይዙም ይሻላል። ያልተቀባ፣ በመሠራት ላይ ያለ ዕቃ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። በብየዳው የሚተማመን ሰው በደስታ ያሳያል፤ የማያሳይበት ምክንያት የሚያበዛውን አመስግነው ይሰናበቱ። ዙሪያዎንም ይቃኙ። ረዳቱ ጭምብል አለው ወይስ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ይበይዳል? የእሳት ማጥፊያ ወይም ውኃና አሸዋ በቅርብ አለ? የግራይንደሩ መከለያ በቦታው ነው ወይስ ወልቋል? የራሱን ረዳት ዓይን የማይጠብቅ ሰው የእርስዎን ቤት ይጠብቃል ብዬ አላምንም።

የብቃት ማረጋገጫ ካለው ያንብቡት እንጂ ማኅተሙን ብቻ አይዩ። አይኤስኦ 9606 በሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያም ሆነ በአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደንቦች መሠረት የሚሰጥ ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለተወሰነ የብየዳ ዓይነት፣ ለተወሰነ ውፍረትና ለተወሰነ አቋም ነው። ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በመበየድ የተፈተነ ሰው ቀጥ ብሎ በቆመ ምሰሶ ላይ ወይም ከራሱ በላይ ለመበየድ ተፈትኗል ማለት አይደለም። ለታንከር ማማና ለሰገነት ማረጋገጫውን እፈልጋለሁ። ለበርና ለፍርግርግ ግን ያልተቀባው ሥራ የበለጠ ይነግረኛል።

ስብራት ለማስጠገን ከሆነ የመጡት ዕቃውን ይዘው ይሂዱ፣ ወይም እርሱ መጥቶ ይየው። ጥሩ በያጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ለምን እንደተሰበረ ነው፤ ስንጥቁን እስከ ጫፉ ፍቆ ሳያወጣ ከላይ ብቻ የሚደፍነው ሰው ያንኑ ስብራት መልሶ ያሳይዎታል። ነዳጅ፣ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል እንዲበየድ ግን በፍጹም አይጠይቁ። ባዶ የሚመስለው በርሜል ውስጥ የቀረው ትነት ይፈነዳል፤ ብዙ በያጆች የሞቱት እንዲህ ነው።

5. ብየዳን ማንበብ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ችሎታ ላይ የቆመ ነው፤ ለመማር ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ጥሩ ብየዳ ሲታይ እኩል በእኩል የተደራረቡ ትናንሽ ማዕበሎች ይመስላል። ስፋቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለዋወጥም፤ ጠርዞቹ በሁለቱም በኩል ወደ ብረቱ ቀስ ብለው ይገባሉ። ጥፍርዎን ከብረቱ ወደ ብየዳው ቢያንሸራትቱ ሊያንገጫግጭ ይችላል እንጂ የሚያደናቅፍ ገደል አያገኝም። መጥፎው ብየዳ በብዙ መልክ ይመጣል። አንደኛው የእኔ በር ዓይነት ነው፤ ክብ ሆኖ አብጦ በብረቱ ላይ ተቀምጧል፣ በጠርዙና በብረቱ መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። ያ መስመር ሁለቱ እንዳልተዋሐዱ ምልክት ነው። ሌላው በጠርዙ በኩል ብረቱ ተበልቶ ቦይ የሠራበት ነው፤ ኃይሉ በዝቶ ወይም እጁ ቸኩሎ ብረቱን አሳስቶታል፤ ብረቱ የሚሰበረው እዚያ ነው። የመርፌ ቀዳዳ የሚመስሉ ጉድጓዶች ካሉ እርጥበት፣ ዘይት፣ ቀለም ወይም ዝገት ሳይጸዳ ተበይዷል። በብየዳው መጨረሻ ላይ የቀረ ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምርበት ነው፤ ጥሩ በያጅ ጫፉ ላይ ቆም ብሎ ይሞላዋል። ስንጥቅ ካዩ ግን ጥቃቅን ነው ብለው አይለፉት። ስንጥቅ ያለበት ብየዳ ተፍቆ እንደገና ይሠራል፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።

በኤሌክትሮድ ሲበየድ ላዩ ላይ እንደ ጥቁር ብርጭቆ ያለ ቅርፊት ይቀራል። በመዶሻ ተመትቶ በሽቦ ብሩሽ ካልተጸዳ ከሥሩ ያለው አይታይም፤ ቀለምም አይዝበትም። ቅርፊቱ ሳይነሣ የሚቀባ ሰው ወይ ቸኩሏል ወይ የሚደብቀው አለው።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብየዳውን ሁሉ በግራይንደር ፈጭቶ ማለስለስ ለዓይን ደስ ይላል፤ ብዙ ባለቤቶችም እንዲህ እንዲሆን ይጠይቃሉ። እጅ በሚነካው መደገፊያ ላይ ተገቢ ነው። በማጠፊያና ጭነት በሚሸከም መገጣጠሚያ ላይ ግን የሚፈጨው ጥንካሬው ራሱ ነው። እነዚያን ቦታዎች እንዲያምሩ ሳይሆን እንዲይዙ ተዉአቸው።

6. ዋጋና ውል

ዋጋ ሲጠይቁ የብረቱ ዋጋ፣ የእጅ ዋጋው፣ የቀለሙ፣ የማጓጓዣውና የመትከያው ተለይተው ይጻፉልዎት። በደፈናው የተሰጠ አንድ ቁጥር ከሌላ አንድ ቁጥር ጋር አይነጻጸርም፤ አንዱ የረከሰው ብረቱ ስለሳሳ ሊሆን ይችላል። መጠኑ የታወቀ አዲስ ሥራ በቁርጥ ዋጋ ይሁን። ሲከፈት ምን እንደሚገኝ የማይታወቅ ጥገና ደግሞ በቀን ሒሳብ ቢሆን ለሁለታችሁም ይሻላል።

ከሁሉ ያነሰውን ዋጋ የሰጠውን ሰው ወዲያው አይቀበሉ፣ ወዲያውም አይጣሉት። ቁጭ ብለው ዝርዝሩን ከሌሎቹ ጋር ያስተያዩ። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ያለው በሦስት ቦታ ነው፤ በውፍረት፣ በማጠፊያው ዓይነትና በፀረ ዝገት ቀለሙ። ልዩነቱ ከእነዚህ በአንዱ ካልሆነ ምናልባት ሰውየው ሥራ ፈልጎ ነው፤ ያ ደግሞ ነውር የለበትም።

ውሉ አጭር ይሁን፣ ግን የተጻፈ ይሁን። ንድፉ ይያያዝበት፤ የእያንዳንዱ ብረት ዓይነትና ውፍረት በሚሊ ሜትር ይጻፍበት፤ የማጠፊያው መጠን፣ የቀለሙ ዙር ብዛት፣ የሚጠናቀቅበት ቀን፣ የተረፈው ቁርጥራጭ ብረት የማን እንደሆነ ይጠቀስ። በእርስዎ ገንዘብ የተገዛ ብረት ትራፊው የእርስዎ ነው፤ ሳይነጋገሩ ከቀሩ ግን ለጠብ ምክንያት ይሆናል። ከዚያም እንዲህ የሚል አንቀጽ ያስገቡ፦ «ሥራው በባለቤቱ ሳይታይና ሳይፈቀድ ስቱኮም ሆነ ቀለም አይቀባም፤ ከተቀባ በሠሪው ወጪ ተፍቆ ይታያል።» ይህን አንቀጽ አንብቦ ፊቱ የሚቀየር በያጅ አጋጥሞኝ ያውቃል። ሥራውን ለሌላ ሰጠሁ።

ክፍያውንም በዚያው ልክ ይከፋፍሉት። ብረት መግዣ የሚሆን ቀብድ መስጠት ተገቢ ነው፤ ሙሉ የእጅ ዋጋን ግን በቅድሚያ አይክፈሉ። ሁለተኛው ክፍያ ብየዳው ሳይቀባ ታይቶ ሲጸድቅ ይፈጸም፤ የመጨረሻው ደግሞ ተተክሎ፣ ተከፍቶና ተዘግቶ ከተፈተሸ በኋላ። ገንዘቡ በትክክለኛው ሰዓት እየተከፈለ ከሆነ በያጁም አይከፋም። እርስዎም ቀጠሮዎን ያክብሩ፤ ብየዳው አልቆ ለማየት ሦስት ቀን የሚያስጠብቁት ከሆነ ሰውየው ቢቀባው አይፈረድበትም።

7. ሥራው በቤትዎ የሚሠራ ከሆነ

በተቻለ መጠን መቁረጡና መበየዱ በእርሱ ሥራ ቦታ አልቆ ቤት የሚመጣው ለመትከል ብቻ ይሁን። የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ እሳትን ያስቡ። የብየዳና የግራይንደር ፍንጣቂ ከ10 ሜትር በላይ ሊበር ይችላል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ የሚቃጠል ነገር በ11 ሜትር ዙሪያ እንዳይኖር ወይም እንዲሸፈን የሚያዘው ለዚህ ነው። መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ደረቅ ሣር፣ የጋዝ ሲሊንደርና የቀለም ቆርቆሮ ይወገዱ። ፍንጣቂ በወለል ስንጥቅ ገብቶ ለሰዓታት ሲጨስ ቆይቶ ሊነሣ ስለሚችል ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቦታው ይጠበቅ። በያጁ ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሶ ሄደ ብለው ቤቱን ዘግተው አይውጡ።

የግራይንደር ፍንጣቂ መስተዋት ላይ ካረፈ ቀልጦ ይገባበታል፤ ያ ነጠብጣብ በማናቸውም ማጽጃ አይለቅም። የወለል ንጣፍ ላይ ያረፈው ደግሞ በመጀመሪያው እርጥበት ወደ ዝገት ቀለም ይለወጣል። መስኮቱን፣ ንጣፉንና መኪናውን በእርጥብ ወፍራም ጨርቅ ወይም በላሜራ ይሸፍኑ እንጂ በላስቲክ አይሸፍኑ፤ ላስቲክ ይቀልጣል።

ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። የብየዳ ብርሃን የዓይንን ፊት እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ግን ከሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው። ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል። ነጭ ግድግዳም ብርሃኑን መልሶ ስለሚወረውር ጀርባ መስጠት ብቻ አይበቃም። ጭሱም ቀላል አይደለም፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባደረገው ግምገማ የብየዳ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል አረጋግጦ መድቦታል። በሮችና መስኮቶች ይከፈቱ፤ በያጁም የአፍንጫ መከላከያ ከሌለው ገዝተው ይስጡት።

የመብራቱን ነገር አስቀድመው ይነጋገሩ። የብየዳ ማሽን ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ተራ የቤት ሶኬትና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሊቃጠል ይችላል። የራሱን ጄኔሬተር ያመጣ እንደሆነ ወይም ከቆጣሪው አጠገብ በኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚገጠም መስመር ያስፈልገው እንደሆነ ይወቁ።

8. ያቺ ሰዓት፦ ቀለም ሳይቀባ

ጠርቶዎታል፤ ብየዳው አልቋል። በቀን ብርሃን ይሂዱ። ሜትር፣ ውኃ ልክ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪና ትንሽ መዶሻ ይያዙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና ይህን በጥድፊያ አያድርጉት፤ ሁለት ሰዓት ይስጡት።

በመጀመሪያ ቅርጹን ይለኩ። አንድ አራት ማዕዘን ፍሬም ቀጥ ያለ መሆኑ የሚታወቀው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያሉት ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች እኩል ሲሆኑ ነው። 2 ሜትር ስፋትና 2.2 ሜትር ቁመት ያለው የበር ክንፍ ሰያፉ ከሁለቱም በኩል 297 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ 296፣ ሌላው 299 ከመጣ ፍሬሙ ዘሟል፤ ሲተከል አይገጥምም። የሚዘመውም ብዙ ጊዜ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ስለሚስበው ነው። ጥንቁቅ በያጅ ሁሉንም ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ይይዝና ይለካል፤ ከዚያ አንዱን ጎን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ከጎን ወደ ጎን እየተዘዋወረ ይበይዳል።

ከዚያ ወደ ማጠፊያዎቹ ይሂዱ፤ ብዙውን ጊዜዎን እዚያ ያሳልፉ። ይህ ክንፍ በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከተሸፈነ ላሜራው ብቻ 52 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከነፍሬሙ ወደ 75 ይጠጋል። ክብደቱ በሙሉ በአንድ ጎን ስለተንጠለጠለ የታችኛው ማጠፊያ ወደ ምሰሶው ይገፋል፣ የላይኛው ደግሞ ከምሰሶው ይጎተታል። በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል 1.8 ሜትር ካለ፣ የላይኛውን የሚስበው ኃይል 42 ኪሎ ግራም ሰቅሎ እንደማሳደር ነው፤ ሌሊትና ቀን፣ ለዓመታት። በሩን ገፍቶ የሚንጠለጠል ልጅ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ማጠፊያው በሚደረስበት ዙሪያ ሁሉ ያለ ክፍተት መበየድ አለበት፤ ምሰሶው ቀጭን ቱቦ ከሆነም ከማጠፊያው ሥር ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ይጨመርበት። ባትሪውን አብርተው ከላይም ከታችም ይዩት። ቅርፊት ካለ በብሩሽ ይፈቁ። ከዚህ በፊት ያነበቡትን ቀጭን ጥቁር መስመር ይፈልጉ።

ላሜራው ከፍሬሙ ጋር ዙሪያውን በሙሉ መበየድ የለበትም፤ ሙቀቱ ያጣምመዋል። በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ አጭር አጭር ብየዳ ይበቃዋል። በሁለቱ መካከል ውኃ የሚገባበት ክፍተት ግን ከመቀባቱ በፊት መደፈን ይኖርበታል።

አሁን ቱቦላሬዎቹን ይመልከቱ። ጫፋቸው ክፍት ከሆነ ዝናብ ገብቶ ይቀመጥና ብረቱ ከውስጥ ይበላል፤ ከውጭ ቀለሙ እንዳማረ ነው። የምሰሶ ጫፍ ሁሉ በተበየደ ክዳን ይዘጋ። ውኃ ሊጠራቀምበት በሚችል በታችኛው አግድም ላይ ግን ትንሽ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይተው። የብረቱንም ውፍረት በውሉ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ፤ ክፍት የሆነው ጫፍ ከመዘጋቱ በፊት ቢሆን ይበልጥ ይቀላል።

በመጨረሻ በመዶሻው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ቀለል አድርገው ይምቱ። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰሙ ዘንጉ በአንድ በኩል ብቻ ተይዟል። የሚስተካከለውን ሁሉ በጠመኔ ክብ ያድርጉበት። በቃል ከመናገር ይልቅ ጠመኔው ይሻላል፤ አይረሳም፣ አያከራክርም። ሲስተካከል እንደገና ይዩት፤ ከዚያ ይፍቀዱ፣ ሁለተኛውን ክፍያም እዚያው ይክፈሉ።

9. ቀለም፣ ተከላና የመጨረሻው ክፍያ

አዲስ ብረት ላይ ዘይት አለ። በማሟሟቂያ በተነከረ ጨርቅ ተጠርጎ፣ የዛገው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ፍንጣቂውም ተጠርጎ ካልጸዳ ማናቸውም ቀለም ይላጣል። የጸዳ ብረት ሳይቀባ ማደር የለበትም፤ በአንድ ሌሊት እርጥበት መዛግ ይጀምራል። ፀረ ዝገቱ በላዩ ከሚቀባው ቀለም የተለየ መልክ ቢኖረው መልካም ነው፤ የተዘለለ ቦታ ካለ ወዲያው ይታያል። የበሩን የታችኛውን ጠርዝና የማጠፊያውን ጀርባ ጎንበስ ብለው ይዩ፤ ሠራተኛ የሚዘላቸው እነዚህን ነው።

ሲተከል የመደገፊያው እግር ልስኑን አልፎ ኮንክሪቱን መያዙን ያረጋግጡ። በልስን ላይ ብቻ የተያዘ መደገፊያ ሰው ሲደገፈው ይነቀላል። ተከላው ሲያልቅ በሩን በግማሽ ከፍተው ይልቀቁት፤ በራሱ ከተከፈተ ወይም ከተዘጋ ምሰሶው ቀጥ አላለም። ሃያ ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ። መቀርቀሪያው ሳይገፋ መግባት አለበት። በተከላ ጊዜ በቦታው የተበየደ ነገር ካለም ያው ሕግ ይሠራል፤ ይታይ፣ ከዚያ ይቀባ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከሰጡ በኋላ ስልኩን ይያዙ፣ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላም በሩን እንደገና ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። በላይኛው ማጠፊያ ዙሪያ ቡናማ መስመር ከታየ ቀለሙ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ምናልባት ከሥሩ ያለው ብየዳም። በያጁን ያኔውኑ ይጥሩት።